ቶምባርዛ የምትባል ከተማ

ጎቨርት ቲልማን ዕድሜውን ሙሉ አፍሪካን በካርታ ላይ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው፤ ከጎረቤት ከተማዋ ከሃርለም አልፎ ግን አያውቅም። ሃርለምም የሄደው ለእህቱ ሰርግ ነው፣ በቦይ ጀልባ፣ ሆዱን ይዞ እያቃሰተ። እንግዲህ የአምስተርዳም ሰው ሁሉ «ዓለምን እንደ መዳፉ ያውቃታል» የሚለው ይሄንን ነው። እኛ እንዲህ ነን። ሄዶ ያየውን ሰው ደጅ አቁመን፣ ቤቱ ተቀምጦ የሳለውን «ጌታዬ» እንላለን።

ጎቨርት ራሱ መርከበኛ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። «መርከበኛ ማለት» ይላል፣ «ሰክሮ የሄደበትን አገር ሰክሮ የሚያወራ ፍጡር ነው።» ነጋዴ ይንቃል፣ ሰባኪ ይንቃል፣ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትን ይንቃል። ከሁሉ አብልጦ ግን ሁለት ሰው ይንቃል። አንደኛው ከቦዩ ማዶ ካርታ እየሠራ የሚሸጠው ሜልኪዮር ዳይን ነው። ሁለተኛው የገዛ ልጁ ሬይኒር ነው።

ሬይኒር ሃያ አራት ዓመት የሞላው ዝምተኛ ልጅ ነው። ወንድሞቹንና እህቱን ወረርሽኝ ጠርጎ ወስዷቸው ለጎቨርትና ለሚስቱ ለማይከን የቀረላቸው እሱ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለውን ልጅ እንደ ዓይኑ ብሌን ይይዘው ነበር። ጎቨርት ግን ማተሚያው ጋ አቁሞት ከጠዋት እስከ ማታ ይለበልበዋል። «እጅ የተሰጠህ ማንኪያ እንድትይዝበት ነው። ቀጥ ያለ መስመር መሳብ ያቃተው ልጅ ከእኔ አብራክ መውጣቱ!» ሬይኒር መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈት ሲያደርግ፣ አባትየው «ዝም ብለህ አዙር» ይለዋል። ልጁም የማተሚያውን እጀታ ያዞራል።

ካርታ አሠራር በእኛ ከተማ እንዲህ ነው። ጎረቤትህ የቀረጸውን ሰው ልከህ ታስገዛለህ። ወንዙን ትንሽ ታጣምመዋለህ፣ ተራራ እንደ በርበሬ ነስነስ ታደርግበታለህ፣ ለንጉሡ ጺም ትጨምርለታለህ። ከላይ «አዲስና እጅግ ትክክለኛ፣ ከታማኝ ተጓዦች ምልከታ የተወሰደ» ብለህ በላቲን ትጽፍበትና መስኮትህ ላይ ትሰቅለዋለህ። ሁሉም ያደርገዋል። ጎቨርትም ያደርገዋል። አንድ ጊዜማ የአበሻው ንጉሥ ዙፋን ከወንዝ ስም ጋር ቢጋጭበት፣ ንጉሡን ከነዙፋኑ አንስቶ ሁለት ጣት ወደ ምሥራቅ አዛወረው። ሁለት ጣት በዚያ ካርታ ላይ የወር መንገድ ነው። ንጉሡን «ይመችሃል ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም።

ሜልኪዮር ሲገለብጥበት ግን ጎቨርት እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ይነሳል። አንድ ክረምት፣ ቦዮቹ በረዶ እንደሆኑ፣ አዲሱን የአፍሪካ ካርታ ቀርጾ ሲጨርስ አንድ ነገር አሰበ። መሀል ላይ፣ ማንም ሄዶ በማያውቅበት ባዶ ቦታ፣ ሐይቅ ዳር፣ አንዲት ከተማ ቀረጸ። ትንሽ ግንብ፣ ሁለት ጣሪያ፣ ከሥሯ ስም። ስሙን ከየትም አላመጣውም፤ ምላሱ ላይ የመጣለትን ቶምባርዛ አላት።

የታተመውን ቀለም የምትቀባው ማይከን ናት። ከተሞቹ ላይ ቀይ ነጠብጣብ እያሳረፈች ስትሄድ ብሩሿ አየር ላይ ቆመ።

«ይቺ ደግሞ የት ነበረች?»

«የትም።»

«የትም ማለት?»

«ወጥመድ ናት፣ ማይከን። ያ ሌባ አላስችል ብሎት ይገለብጣታል። ያኔ አንገቱን ይዤ ዳኞች ፊት አቆመዋለሁ። ‹ይቺን ከተማ ከየት አመጣሃት?› ሲሉት ምን ሊል ነው? ዓለም ላይ የለችማ! እኔ ነኝ የፈጠርኳት!»

«አንተንስ ‹ከታማኝ ተጓዦች ብለህ ጽፈህ የለም ወይ?› ቢሉህ?»

«አንቺ ቀለምሽን ቀቢ።»

ማተሚያው ጋ የቆመው ሬይኒር ሳቅ አመለጠው። ጎቨርት ዞር አለ። «አንተ ደግሞ ምን ያስገለፍጥሃል? ገብቶህ ነው?» ልጁ ሳቁን ዋጠና እጀታውን ማዞሩን ቀጠለ። ማይከን ከንፈሯን ነክሳ ቶምባርዛ ላይ ቀይ ነጠብጣቧን አሳረፈችባት።

በረዶው ሳይቀልጥ የሜልኪዮር አዲስ ካርታ ወጣ። ጎቨርት ራሱ ድልድዩ አፍ ላይ ከቆመ አዟሪ ገዝቶ ቤቱ ይዞት ሮጠ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቶምባርዛ ቁጭ ብላለች! ያውም እንዴት አምሮባት! ሜልኪዮር የተሰረቀ እንዳይመስልበት ብሎ አሳድጓታል፤ ቤተ መንግሥት ሠርቶላታል፣ ወንዝ ስቦላታል፣ ከሥሯም በደቃቁ «እዚህ ወርቅ በብዛት ይሸጣል» ብሎ ጽፎላታል። ጎቨርት እስኪያስለው ሳቀ። ሆዱ ቅቤ ጠጣ። እኔ ነኝ ያለ ክርስቲያን በጎረቤቱ ውድቀት እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

ሰው የሚያጠፋው ደግሞ ሲቸኩል ነው። ጎቨርት ቀጥታ ዳኞች ዘንድ መሄድ ሲችል፣ አስቀድሞ ሜልኪዮርን ሠፈር ፊት ሊያዋርደው ፈለገ። ሁለቱን ካርታዎች ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ የመርከብ ሰዎችና ነጋዴዎች የሚሰበሰቡበት የባልቴቷ የትሬይን ቢራ ቤት ገባ። እዚያ ሃርክ የሚባል ጡረታ የወጣ የመርከብ አለቃ አለ፤ ወንበሩ ላይ የበቀለ የሚመስል ሽማግሌ።

«ሃርክ!» አለው ጎቨርት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «አንተ የጊኒን ባሕር ዳርቻ ለቅመህ የጨረስክ ሰው ነህ። እስቲ በእግዜር ስም፣ ቶምባርዛ የምትባል ከተማ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» የምትል አንዲት ቃል ነበር የሚጠብቀው። እሷን ይዞ ዳኞች ዘንድ ሊሄድ። ወይ ሞኝነት! ለእኛ አገር የመርከብ አለቃ፣ ቢራ ቤት ውስጥ፣ ሰው እያየው፣ «አላውቅም» ከማለት መስጠም ይቀለዋል። ጎቨርት መርከበኛን ሲንቅ ዕድሜውን ፈጅቶ ይቺን እንኳ አልተማረም።

ሃርክ ጺሙን አሻሸ። «ቶምባርዛ? እኔን ነው ቶምባርዛን የምትጠይቀኝ? ኧረ አንተ ሰውዬ! ትኩሳት ይዞኝ የተኛሁባትን ከተማ! የዚያን ሐይቅ ዓሣ ቀቅለው ባያበሉኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ ታየኝ ነበር?»

 ጥግ ላይ የተቀመጠው ሲብራንት ኮክ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። ሲብራንት ስኳርና የደረቀ ዓሣ ነግዶ የከበረ፣ አሁን ደግሞ ምን ልንካ እያለ የሚቁነጠነጥ ሰው ነው።

«ወርቁስ?» አለ።

«ወርቁማ!» አለ ሃርክ። «ሕፃናት ይጫወቱበታል እንጂ ማን ይቆጥረዋል።»

ሲብራንት ብድግ አለ። ለጎቨርት ወንበር ሳበለት። «ጋሽ ጎቨርት፣ መጀመሪያ ያወጣት የእርስዎ ካርታ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርስዎ ነው የወሰደው ይላሉ። እውነት ነው?»

እውነቱን መናገሪያው ያን ጊዜ ነበር። አፉንም ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ቢራ ቤቱ ሙሉ ዓይኑን ጥሎበታል፤ እነዚያ ሲንቃቸው የኖረ ነጋዴዎች አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁታል፤ ትሬይን ሳይጠይቅ ቢራ አስቀምጣለታለች። «እኔ ነኝ የፈጠርኳት» ቢል፣ «ሌላውንስ አንተ አልፈጠርከውም ወይ?» ይሉታል። ያን ደግሞ የሚመልሰው አልነበረውም። 

«የእኔ ናት» አለ። «ምንጬን ግን አልናገርም።»

«ጨዋ ሰው!» አለ ሲብራንት።

አይ ጎቨርት! ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ክሱ በዚያው ተረሳ።

ከፋሲካ በኋላ በሲብራንት መሪነት የንግድ ማኅበር ተቋቋመ። መርከብ ተከራዩ። ከወንዝ አፍ መልሕቅ ጥለው፣ ከዚያ በእግር ወደ ውስጥ ገብተው፣ ከቶምባርዛ ወርቅ በመስተዋትና በጨርቅ ሊለውጡ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ድርሻ ገዛ። ጥርስ ነቃዩ ገዛ። ሰባኪያችን እንኳ «ለአሕዛብ ብርሃን ለማድረስ» ብሎ ገዛ፤ ለብርሃኑ ግን ስንት ከመቶ እንደሚደርሰው ሁለት ጊዜ ጠይቋል አሉ። ጎቨርት መስኮቱ ላይ ቆሞ እያያቸው ይስቅ ነበር። «በጎች! አንድ በግ ቦይ ውስጥ ከገባ ሁሉም ተከትሎ ይገባል።» ማይከን «አታስቆማቸውም?» ስትለው፣ «እኔ ምን አገባኝ፣ ይክሰሩ፤ ይገባቸዋል» ይላታል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ የአተር ሾርባው መሀል፣ ሬይኒር ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አባዬ፣ እኔ እሄዳለሁ።»

«የት? ገበያ? ስትመለስ የመብራት ዘይት ይዘህ ና።»

«ቶምባርዛ። ሲብራንት መንገድ መሪ አድርጎ ቀጥሮኛል። የካርታው ሠሪ ልጅ ስለሆንኩ፣ ምስጢሩን አውቃለሁ ብሎ ነው።»

ጎቨርት መጀመሪያ ሳቀ። «መንገድ መሪ! አንተ! ከዚህ እስከ ዓሣ ገበያው ሁለት ጊዜ ጠፍተሃል እኮ!» ከዚያ የልጁን ፊት አየ። የጊኒ ባሕር ዳርቻ ምን እንደሆነ እኛ ከተማ ሕፃን ያውቀዋል፤ ከሚሄደው ግማሹ ትኩሳት ወስዶት ይቀራል። እነዚህ ደግሞ ከባሕሩ አልፈው፣ የሌለ ከተማ ፍለጋ፣ ጫካውን ሊያስሱ ነው። ጎቨርት ሳህኑን ገፋ።

«የለችም እኮ!» አለ። «እዚያ ማተሚያ ጋ ቆመህ ስናገር በጆሮህ ሰምተሃል! ለእናትህ ስነግራት!»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እሄዳለሁ።»

«ያንን ሰካራም ሃርክን አምነህ ነው? ከእኔ እሱን?»

ሬይኒር መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። «ዝም በል!» አለ ጎቨርት። «ደደብ! ደደብ ነው የወለድኩት!» ልጁ ማንኪያውን አንስቶ ሾርባውን ጨረሰ። ማይከን ጠረጴዛውን ትታ ወጣች።

ልጁን ማስቆም አይቻልም፤ ስለዚህ መርከቡን ላስቁም አለ ጎቨርት። መርከቡ ከቀረ ልጁም ይቀራል። በማግስቱ ኮፍያውን ደፍቶ ሲብራንት ቤት ሄደ። ኩራቱን እንዴት አድርጎ እንደዋጠው እግዜር ይወቅ፤ ሲብራንት ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናዘዘ። ቶምባርዛ የለችም። ሌባ መያዣ ናት። ሃርክ ዋሽቷል። እኔም ዋሽቻለሁ።

ሲብራንት እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ ሰማው፤ ሲጨርስ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ጋሽ ጎቨርት፣ ‹ምንጬን አልናገርም› ሲሉኝ ነው ያመንኩዎት። አሁን ‹ምንጭ የለኝም› ሲሉኝማ ይበልጥ አመንኩዎት! ሌላ ማኅበር ቀርቦዎታል፣ አይደል? ስንት አሉዎት?»

«ማንም አልቀረበኝም! በልጄ ይሁንብኝ!»

«ልጅዎ እንኳ የሚሄደው ከእኛ ጋር ነው» አለ ሲብራንት እየሳቀ። «ከተማዋ ባትኖር ልጁን ይሰዳል እንዴ ሰው?»

ጎቨርት ወጣ። አሁን የቀረው ሜልኪዮር ብቻ ነበር። ሁለቱም ካርታ ሠሪዎች አንድ ላይ «የለችም» ካሉ ማን ይሟገታል? ግን ድልድዩን ተሻግሮ የሜልኪዮርን ደፍ ረግጦ አያውቅም፤ እግሬ ይቆረጥ ይል ነበር። እግሩ ሳይቆረጥ ሄደ።

ሜልኪዮር የሥራ ጠረጴዛው ላይ በጭስ የደረቀ ዓሣ በዳቦ እየበላ ነበር። «ኧረ! ምን እግር ጣለህ?» አለው። «ልትገለብጥ ከሆነ እዚያ ጋ ብርሃኑ ይሻላል።»

«ቶምባርዛን አጥፋት።»

«ምን በወጣት? የተከበረች ከተማ። ቤተ መንግሥት አላት።»

«ቤተ መንግሥቱን አንተ ነህ የሠራኸው! ከተማዋን እኔ ነኝ የፈጠርኳት፣ ታውቃለህ!»

«እኔ የማውቀው ከአንድ የፖርቱጋል መርከብ መሪ መግዛቴን ነው። ነፍሱን ይማረውና ሞቷል።»

«ሜልኪዮር» አለ ጎቨርት፤ ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ልጄ ሊሄድ ነው። ሬይኒር።»

ሜልኪዮር ማኘኩን አቆመ። የዓሣውን እሾህ ከአፉ አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። 

«ሰምቻለሁ» አለ። «አዝናለሁ። ግን ‹ገለበጥኩ› ካልኩ ከነገ ጀምሮ ከእኔ ማን ይገዛል? አራት ሴቶች ልጆች አሉኝ። እስቲ አንተ እውነቱን ንገረኝ፤ የእኔ ልጅ ብትሆን የምትሄደው፣ አንተ ታደርገው ነበር?»

ጎቨርት ሊዋሽ ፈለገ፤ ሕይወቱን ሙሉ ያልቸገረው ነገር ያን ቀን ቸገረው። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ሜልኪዮርም ዳቦውን አንስቶ ሊጎርስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

ቤቱ እንደገባ ካርታው የተቀረጸበትን የመዳብ ሰሌዳ ከመደርደሪያ አወረደ። ቶምባርዛን በሹል ብረት ፋቃት። ግንቧን ፋቀ፣ ጣሪያዋን ፋቀ፣ ስሟን ፋቀ። ሰሌዳውን ገልብጦ ከጀርባው በመዶሻ ቀጠቀጠው፣ ፊቱን እንደገና አለሰለሰው፣ እጁ እስኪደማ። ሬይኒርን «ና አዙር» አለው። ልጁ መጥቶ አዞረለት። አዲሱ ካርታ ወጣ፤ ሐይቁ ዳር ማንም የለም። ጎቨርት በሩን ከፍቶ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። «አሁን ይዩ!» አለ። «ሠሪዋ ራሱ ሰርዟታል!»

አዩ! ምን ያለ ማየት! የተፋቀ መዳብ ደግሞ ምንም ቢያለሰልሱት ጥላው አይጠፋም፤ ከተማዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ግራጫ ነገር እንደ እድፍ ቀርቷል። በማግስቱ መስኮቱ ሥር ሰው ግጥም አለ።

«አያችሁ? ፋቃት!»

«ደበቃት እንጂ! ለእንግሊዞች ሸጧት ይሆናል።»

«ያልነበረ ነገር ይፋቃል እንዴ? ስለነበረች እኮ ነው የፋቃት!»

የሌለች ከተማ እንደሌለች ቢነገረው የማያምን ሕዝብ፣ ስትጠፋ ጊዜ እንዳለች አመነ። ይሄ ነው እንግዲህ በፊደልና በንግድ አውሮፓን የምንመራው የእኛ ጭንቅላት! የድርሻው ዋጋ በዚያው ሳምንት ወደ ላይ ተተኮሰ። ሜልኪዮር ያተመው ሁሉ አለቀበት። ሲብራንት ራሱ እየሳቀ መጣና በጎቨርት ቤት የቀረውን አሮጌውን ካርታ ሁሉ ገዝቶ ወሰደ። «እርስዎ ቀልደኛ ሰው ነዎት፣ ጋሼ» አለው በሩ ላይ። «ሽማግሌ ተንኮለኛ!»

ጎቨርት ከዚያ በኋላ ያላለው የለም። ገበያ መሀል ማለ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰባኪውን አንገቱን ይዞ «ንገራቸው» አለው፤ ሰባኪው ድርሻውን አስታውሶ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሃርክን ቢራ ቤት ሄዶ «ዋሽቻለሁ በል» ብሎ ለመነው። ሃርክ በዚያን ጊዜ የቶምባርዛን ንጉሥ ስም ሁሉ ማውራት ጀምሮ ነበር፤ ምናልባት ራሱም አምኖታል። ልጆች ጎቨርትን ባዩት ቁጥር «የለችም! የለችም!» እያሉ መከተል ጀመሩ።

የምሥራቅ ነፋስ በተነሣ ቀን መርከበኞቹ ዕቃቸውን ይዘው ወደብ ወረዱ። ትልቁ መርከብ ከሩቅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ትናንሽ ጀልባዎች ሰውና ዕቃ ያመላልሳሉ። ማይከን ከልጇ አንገት ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ ስትለቀው፣ ጎቨርት ክንዱን ይዞ ከገመድ ክምር ጀርባ ወሰደው።

«ስማኝ» አለ። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምነግርህ። በእናትህ፣ በሞቱት ወንድሞችህ፣ ከተማዋ የለችም።»

«አባዬ፣ እንደሌለችማ ከአንተ እኩል አውቃለሁ» አለ ሬይኒር። «ስትናገር እዚያው ቆሜ ነበር። ደንቆሮ አይደለሁም።»

ጎቨርት የልጁን ክንድ ለቀቀ። «ታዲያ ለምን? ሃርክን አምነህ መስሎኝ… ታዲያ ለምን?»

ልጁ ወደ ጀልባው ተመለከተ። የመርከቡ አለቃ እጁን አውለበለበለት፤ እሱም መለሰለት።

«ያ ሰውዬ ስገባ ይነሳልኛል» አለ። «እዚያ ቁጭ ብዬ ስናገር እስክጨርስ ይሰሙኛል። ‹ሬይኒር ምን ትላለህ?› ይሉኛል። አንተ ቤት ከተወለድኩ አንድ ነገር ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። ምን ልልህ እንደነበር እንኳ አታውቅም፤ አንድም ቀን። ይቺ ከተማ ባትኖርም፣ መሪዋ እኔ ነኝ። እሄዳለሁ። እስክንደርስ ድረስ ሰው ነኝ።»

«ብትሞትስ?»

«ብሞትስ?» አለ ልጁ። «ከአንተ ቤት የሌለች ከተማ ትሻለኛለች።»

ጎቨርት አፉን ከፈተ። የሚለው ነገር እዚያው ጉሮሮው ላይ ነበር፤ አዎ ነበር፣ ማንም አባት የሚለውን ነበር ሊል የፈለገው። ግን ከዚያ አፍ ለዚያ ልጅ ከአንድ ዓይነት ነገር በቀር ወጥቶ አያውቅም፤ መንገዱን የሚያውቅ ቃል ደግሞ ቀድሞ ይወጣል።

«ኮፍያህን በደንብ አድርግ፣ ደደብ» አለው።

ሬይኒር ራሱን ነቀነቀ፣ የጠበቀውን እንዳገኘ። ኮፍያውን አስተካከለና ወደ ጀልባው ወረደ። አለቃው ተነስቶ ቦታ ለቀቀለት።

ጀልባዋ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቃ እስክትጠፋ ሰው ሁሉ ያጨበጭብ ነበር። ሲብራንት መሐረቡን ያውለበልባል። ሰዉ ሲበተን ጎቨርትና ማይከን ብቻቸውን ቀሩ። ማይከን እንባዋን በመጎናጸፊያዋ ጠርጋ ዞራ አየችው። እንደዚያ አድርጋ አይታው አታውቅም።

«እንግዲህ ንገረኝ» አለችው። «አንተ አይደለህ የሠራሃት? ልጄ የሄደባት ከተማ ውሃ አላት?»

«ማይከን…»

«ውሃ አላት ወይ ነው ያልኩህ!»

ጎቨርት ቦዩን አየ። «ሐይቅ ዳር ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ውሃዋ ጥሩ ነው።»

«ብርዱስ?»

«ብርድ የላትም። ሰዎቿም ደግ ናቸው። እንግዳ ያስተኛሉ።»

«ትኩሳት የያዘውንስ?»

«እሱንም ያስተኛሉ።»

ማይከን ክንዱን ያዘች፤ ለፍቅር ይሁን እንዳትወድቅ አላውቅም። በድልድዩ ላይ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጎቨርት ገበያዋ በየት በኩል እንደሆነ፣ ጥላ ያለው የትኛው መንገድ እንደሆነ፣ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ግንቧ የሚያደርሰው የትኛው እንደሆነ እየነገራት፣ እሷም ሳታቋርጠው፣ በራቸው ደረሱ።